ከኢንች በፊት ድምፅ

ቤቱ ውስጥ ሲኒማ ሊያሰናዳ የተነሣ ሰው መርካቶም ይውረድ ቦሌ፣ ከዱባይም ይግዛ ከዋሽንግተን፣ ሱቅ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንኑ ነው፤ «ስንት ኢንች ነው?» ቀጥሎ ፎር ኬ ነው ወይስ ኤይት ኬ የሚለው ይመጣል። ዋጋው ተቆርጦ ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ የተረፈ ነገር ካለ ሆም ቴአትር የሚባለው ካርቶን ይጨመርበታል፤ ካልተረፈም ቲቪው ራሱ ድምፅ አለው ተብሎ ይታለፋል። ሻጩም፣ ገዢውም፣ ሊያማክር አብሮ የመጣው ወዳጅም በዚህ ቅደም ተከተል ይስማማሉ። እኔ ግን ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው እላለሁ። ሳሎን ውስጥ የሚታይ ፊልም የሚያምረውም የሚበላሸውም ከሁሉ በላይ በድምፁ ነው፤ ስለዚህ አስቀድሞ ሊታሰብለት፣ ከበጀቱም ቢያንስ ግማሹ ሊመደብለት የሚገባው ድምፁ ነው። ይህ እያንዳንዱ ሰው እንደ ምርጫው የሚወስነው የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዓይን ከምን ርቀት ምን ያህል እንደሚለይ ይታወቃል፤ ጆሮ ንግግርን ለመለየት ምን እንደሚያስፈልገው ይታወቃል፤ የምንኖርባቸው ክፍሎች ድምፅን ምን እንደሚያደርጉትም በስሌት ይገኛል። ሦስቱም የሚመሰክሩት በአንድ ወገን ነው።

ከዓይን እንጀምር። ጤናማ ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለያይቶ ለማየት በመካከላቸው የአንድ ዲግሪ ስልሳኛ ያህል ማዕዘን ይፈልጋል፤ በዓይን ክሊኒክ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የፊደል ሰሌዳም የተሠራው በዚሁ ልክ ነው። 55 ኢንች የሆነ ቲቪ የጎን ስፋቱ 122 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ፉል ኤችዲ ይህን ስፋት ለ1920 ፒክስል ሲያካፍለው ለአንዱ ፒክስል 0.63 ሚሊ ሜትር ይደርሰዋል፤ ይህን የሚያህል ነጥብ ከጎረቤቱ ለይቶ ማየት የሚቻለው እስከ 2.2 ሜትር ድረስ ነው። ፎር ኬ ያንኑ ስፋት ለ3840 ስለሚያካፍለው፣ የጨመረውን ዝርዝር ሁሉ ማየት የሚፈልግ ሰው እስከ 1.1 ሜትር ተጠግቶ መቀመጥ አለበት። ሶፋችን ግን ከቲቪው 3 ሜትር ያህል ይርቃል። በዚህ ርቀት 75 ኢንች ቲቪ ላይ እንኳ የፉል ኤችዲው ፒክስል የዓይን ወሰን ላይ ይደርሳል። ኤይት ኬማ 7680 በ4320፣ በድምሩ 33 ሚሊዮን ፒክስል አለው፤ 65 ኢንች ስክሪን ላይ ይህን ሁሉ ዝርዝር ለማየት ወደ 65 ሳንቲ ሜትር መጠጋት ያስፈልጋል። እንደዚያ ተቀምጦ ፊልም የሚያይ ቤተሰብ የለም። አንዳንድ ሰው ከዚህ የተሻለ የሚያይ ዓይን አለው የሚል መከራከሪያ ይቀርብ ይሆናል፤ እውነት ነው፣ አለው። ዓይኑ በግማሽ እንኳ ቢሻል ግን ሳሎን ውስጥ የኤይት ኬን ጥቅም አያገኝም፤ የፎር ኬንም የሚያገኘው በከፊል ነው። ፎር ኬ አትግዙ እያልኩ አይደለም፤ ዛሬ ገበያው ላይ ያሉት ትልልቅ ቲቪዎች አብዛኞቹ ፎር ኬ ስለሆኑ መምጣቱ አይቀርም። የምለው በቁጥሩ ምክንያት ተጨማሪ ብር አታውጡ ነው። በምስል በኩል ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባ ነገር ካለ የጥቁርና የነጭ ርቀት ነው። የሌሊት ትዕይንት ግራጫ ጭጋግ ሆኖ የሚታይበት ቲቪ የፈለገውን ያህል ፒክስል ቢኖረው አይረዳውም። ኦሌድ እያንዳንዱን ፒክስል ለየብቻው ማጥፋት ስለሚችል ጥቁሩ ጥቁር ነው፤ ቀን በመስኮት ብዙ ብርሃን ለሚገባበት ሳሎን ደግሞ ከኋላው ጠንካራ መብራት ያለው ኤልሲዲ ይሻላል።

በዚህ ላይ ወደ ቲቪው የሚገባው ምስል ምን እንደሆነ መታየት አለበት። በዲሽ የሚገቡት የአገራችን ቻናሎች የሚያሠራጩት በኤችዲ ወይም ከዚያ ባነሰ ጥራት ነው። የቆዩ ድራማዎችና ኮንሰርቶች የተቀረጹት ፎር ኬ ከመታሰቡ በፊት ነው። ኔትፍሊክስ ለፎር ኬ ምስል በሰከንድ 15 ሜጋ ቢት የሚያሳልፍ ኢንተርኔት ይጠይቃል፤ በአንድ ሰዓት እስከ 7 ጊጋ ባይት ይበላል። በሞባይል ዳታ ፊልም የሚያይ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም፤ ኔትወርኩ ሲደክምም ምስሉ ወዲያው ወደ ዝቅተኛው ጥራት ይወርዳል። ኤይት ኬን በተመለከተ የጃፓኑ ኤንኤችኬ በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ቻናል ከፍቶለታል፤ ለእኛ ሳሎን የሚደርስ ፊልም ግን በዚያ ጥራት አይመጣም። ድምፁስ? ብሉሬይ ዲስክ ላይ ያለ ባለ 5.1 ዶልቢ ዲጂታል ድምፅ በከፍተኛ ጥራቱ በሰከንድ 640 ኪሎ ቢት ብቻ ነው፤ ለፎር ኬ ምስል ከሚጠየቀው ከሃያ አንድ እጅ አይሞላም። ጥሩ ድምፅ ቤታችን ድረስ በቀላሉ ይመጣል ማለት ነው። የሚጠፋው ከደረሰ በኋላ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ሜትሮች ውስጥ ነው።

እዚያ ውስጥ የሚያጠፋው የመጀመሪያው ራሱ ቲቪው ነው። ድምፅ አየር መግፋት ነው። ስፒከር በአንድ ዓይነት ጉልበት እንዲሰማ፣ ድምፁ በአንድ ኦክታቭ በወፈረ ቁጥር አራት እጥፍ አየር መግፋት አለበት፤ ይህን ማንም አምራች ሊያልፈው የማይችል የተፈጥሮ ሕግ ነው። የድሮው ባለ ሆድ ቴሌቪዥን ቢያንስ ጥልቀት ነበረው፤ ስፒከሩም ወደ ተመልካቹ ፊቱን አዙሮ ይቀመጥ ነበር። ዛሬ ውፍረቱ የጣት ያህል፣ ዙሪያው ስክሪን ብቻ የሆነ ቲቪ ስንፈልግ ስፒከሩ መግቢያ አጣ። አብዛኛውን ጊዜ ከታች ተለጥፎ ወደ ቡፌው፣ ወይም ከኋላ ተለጥፎ ወደ ግድግዳው ይጮኻል፤ እኛ የምንሰማውም ከእንጨትና ከግድግዳ ነጥሮ የተመለሰውን ነው። የጎልማሳ ወንድ ድምፅ መሠረቱ 100 ኸርዝን ትንሽ ያለፈ ቦታ ላይ ነው። በዚህ ቀጭን ቲቪ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ስፒከር እዚያ ድረስ በበቂ ጉልበት ስለማትወርድ የተዋናዩ ደረት ይጠፋና ጉሮሮው ብቻ ይቀራል። ስክሪኑ በትልቁ ያቀረበልን ፊት ከአነስተኛ ሬዲዮ የሚወጣ በሚመስል ድምፅ ይናገራል። ብዙ ሰው ይህን ስለለመደው ጉድለት መሆኑን ረስቶታል፤ ፊልሙ ያልያዘው ሲመስለው ጥፋቱን ለድርሰቱ ወይም ለትወናው ይሰጣል። ለተዋንያን ከዚህ የከፋ በደል የለም።

የወፍራሙ ድምፅ መጥፋት ግን ከንግግሩ መደብዘዝ ጋር ሲነጻጸር ትንሹ ጉዳት ነው። በንግግር ውስጥ ጉልበቱን የሚይዙት አናባቢዎቹ ናቸው፤ ትርጉሙን የሚለዩት ግን አብዛኛውን ጊዜ ተነባቢዎቹ ናቸው፤ እነሱም ደካማ፣ አጭርና ቀጭን ናቸው። መደበኛው የስልክ መስመር ከ3400 ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ ስለሚቆርጥ «ሠራ» እና «ፈራ» በስልክ ይምታታሉ። አማርኛ በዚህ በኩል ከብዙ ቋንቋዎች ይልቅ ስስ ነው። «መጣ» እና «መታ»፣ «ጠፋ» እና «ተፋ» የሚለዩት በአንዲት ፍንጥቅታና ከእሷ በኋላ አናባቢው እስኪነሣ ድረስ ባለች እጅግ አጭር ዝምታ ነው። ከዚያም የከበደ አለ፤ መጥበቅና መላላት። «አለ» ላልቶ ሲነገር ተናገረ፣ ጠብቆ ሲነገር ይገኛል ይሆናል። «ይመታል» ላልቶ ሌላውን የሚመታው ነው፣ ጠብቆ የሚመታው እሱ ራሱ ነው። እንደ «ተ» ባሉ ፊደላት ላይ ጥብቀት ማለት ምላስ መንገዱን ዘግቶ የሚቆይበት ጊዜ ነው፤ ጆሮ የሚለካውም ያችን የዝምታ ርዝመት ነው። ድምፁ ከቡፌና ከግድግዳ እየነጠረ የሚመጣ ከሆነ ያቺ ዝምታ በቀደመው ድምፅ ጭራ ትሞላለች፤ የጠበቀውና የላላው ይቀራረባሉ፤ ከበስተጀርባ ሙዚቃ ሲጨመርበት ደግሞ ፈጽሞ ይጠፋሉ። በአማርኛ ድራማ ላይ ገጸ ባሕርያት በሹክሹክታ ሲነጋገሩ ከሶፋው ላይ «ምን አለ?» የሚል ጥያቄ የሚነሣው ሰሚው ትኩረት ስላጣ አይደለም። ወደ ጆሮው የደረሰው ድምፅ ጥያቄውን የሚመልስ መረጃ ስለሌለው ነው።

የውጭ ፊልም በአማርኛ ጽሑፍ ወይም በእንግሊዝኛ የምናይ ሰዎች ጉዳዩ አይነካንም ይባል ይሆናል። ተቃራኒው ነው። ሰው በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተነገረውን ቃል ግማሹን ቢሰማ ግማሹን በልማድ ይሞላዋል፤ በተማረው ቋንቋ ሲሆን ግን ይህ አቅሙ ስለሚያንስ ጫጫታና የገደል ማሚቶ ይበልጥ ይጎዳዋል። ይህ በመስማት ጥናት ውስጥ ተደጋግሞ የተረጋገጠ ነው። በእንግሊዝኛ ፊልም የሚያይ ኢትዮጵያዊ ከእንግሊዛዊው ይልቅ ጥርት ያለ ድምፅ ያስፈልገዋል። ሽማግሌዎቻችንስ? ዕድሜ ሲገፋ ከመስማት አስቀድሞ የሚሄደው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ ተነባቢዎቹ የሚኖሩበት ማለት ነው። ብዙ ቤት ውስጥ አያት ከቲቪው ፊት ተቀምጠው ጨዋታው ያመለጣቸው መሆኑን ላለማሳየት ዝም ብለው ይመለከታሉ። ለእሳቸው ከ55 ወደ 75 ኢንች ማደግ ምንም አይጨምርላቸውም፤ በጆሮ ከፍታ የተቀመጠ፣ ወደ እሳቸው የዞረ አንድ ጥሩ ስፒከር ግን ወደ ቤተሰቡ ጨዋታ ይመልሳቸዋል። እኔ በዚህ ክርክር ውስጥ ከቁጥሮቹ ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

ድምፅ ያለ ምስል ታሪክ መሸከም መቻሉን ለአማርኛ አድማጭ ማስረዳት አያስፈልግም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው አገር የሰማው በአንድ ሰው ድምፅ ነው፤ ሰብለንም ጉዱ ካሣንም ሰው በየልቡ ያየው ስክሪን ሳይኖር ነው። የተገላቢጦሹን እናስብ፤ ምስሉን ብቻ ትተን ድምፁን ብናጠፋ የትኛው ድራማ አሥር ደቂቃ ያቆየናል? ድምፅ አልባው ፊልም በነበረበት ዘመን እንኳ ሲኒማ ቤቶች ሙዚቀኛ ይቀጥሩ የነበረው ምስሉ ብቻውን እንደማይበቃ ስላወቁ ነው። ፊልም ሠሪዎቹም ይህን አልዘነጉም። ጆርጅ ሉካስ «ስታር ዋርስ»ን በ1977 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ በዶልቢ ስቴሪዮ አቅርቦታል፤ ሦስተኛው ፊልም በ1983 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ደግሞ ኩባንያው ሲኒማ ቤቶች ድምፃቸውን በልኩ እንዲያደርጉ ቲኤችኤክስ የተባለውን መመዘኛ አወጣ። የስክሪን ስፋት ሳይሆን በዋናነት የክፍሉን ጸጥታ፣ ማሚቶና የስፒከሮቹን አቅም የሚመለከት መመዘኛ ነበር። ሲኒማ ቤቱን ቤታችን እናምጣ ስንል የምናመጣው ስክሪኑን ብቻ ከሆነ ያመጣነው ግማሹን ነው።

ለድምፅ ገንዘብ ለማውጣት የወሰነው ሰውም ቢሆን ሌላ የተለመደ ስሕተት ይጠብቀዋል፤ ብዛትን ጥራት ማድረግ። አምስት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ ስፒከር በአንድ ካርቶን፤ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈ የሺህ ዋት ቁጥር። ዋቱን በተመለከተ ስሌቱ ይህ ነው፤ ኃይል በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ አሥር እጥፍ ኃይል ይጠይቃል። በመጠኑ ደህና የሆነ ስፒከር በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 87 ዴሲቤል ያህል ይሰጣል፤ 3 ሜትር ላይ የተቀመጠ ሰው ጋ ሲደርስ 77 ገደማ ይሆናል፤ የተለመደ ጭውውት ደግሞ 60 ያህል ነው። በቤት ውስጥ ፊልም ስናይ ብዙውን ጊዜ የምንጠቀመው ጥቂት ዋት መሆኑ ከዚህ ይታያል። ፒኤምፒኦ ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ደግሞ የተስማሙበት አለካክ ስለሌለው ምንም አይነግረንም። ብዛቱን በተመለከተ፣ ባለ 5.1 ድምፅ ውስጥ ንግግሩ በዋናነት ያለው በመካከለኛው ስፒከር ነው፤ ሙዚቃውና አብዛኛው ድርጊት በግራና በቀኝ የፊት ስፒከሮች ነው። የኋላዎቹ የዝናብ፣ የገበያና የሜዳ ድባብ ይሰጣሉ፤ ደስ ይላሉ፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። አንድ በጀት ለአምስት ሲካፈል ግን እኩል ይካፈላል፤ ዝም ለሚለውም፣ ፊልሙን ሁሉ ለሚሸከመውም እኩል የላስቲክ ሣጥን ይደርሰዋል። ደግሞም በዩቲዩብ የምናያቸው የአማርኛ ፊልሞችና ዘፈኖች በአብዛኛው ስቴሪዮ ናቸው፤ ለኋላዎቹ ስፒከሮች የተቀዳ ነገር የላቸውም። በዚህ ገንዘብ ሁለት ብቻ ይገዙ፤ ሁለቱ ግን እውነተኛ ስፒከሮች ይሁኑ።

የአቀማመጣችንም ጉዳይ አለ። ዓለም አቀፉ የ5.1 ሥርዓት የፊት ስፒከሮቹን ከተመልካቹ ግራና ቀኝ 30 ዲግሪ ላይ፣ የኋላዎቹን ደግሞ ከጆሮ ትንሽ ወደ ኋላ፣ 110 ዲግሪ አካባቢ ያስቀምጣል። የእኛ ሳሎን ግን ሶፋው ሦስቱን ግድግዳ ተከትሎ የተደረደረ፣ እንግዳ ሲመጣ በጎንም በፊትም የሚቀመጥበት ነው። ከኋላ ግድግዳው ጋር ተለጥፎ የተቀመጠ ሰው ከኋላው ስፒከር የሚቀመጥበት ቦታ የለውም፤ ጣሪያ ጥግ ላይ የሚሰቀሉት ትንንሽ ሣጥኖችም ከላይ የሚጮኹ እንጂ የሚከቡ አይደሉም። በጎን ለተቀመጠው ሰው ደግሞ ሁለት ስፒከር ብቻ ካለ ንግግሩ ሁሉ ወደሚቀርበው ስፒከር ይሳባል። ለዚህ ነው የመካከለኛው ስፒከር ሲኒማ ውስጥ የተፈለገው፤ ዳር የተቀመጠው ተመልካችም ንግግሩን ከስክሪኑ እንዲሰማ። እንግዳ የሚበዛበት ቤት ከሁለቱ ቀጥሎ መግዛት ያለበት እሱን ነው፤ የኋላዎቹ አቅም ሲገኝ ይከተሉ። የምስሉም ነገር እዚህ ላይ ይነሣል፤ ብዙዎቹ ኤልሲዲ ቲቪዎች ከጎን ሲታዩ ቀለማቸው ይፈዛል፤ ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ፊት ለፊት ቆሞ ብቻ መፍረድ አይበቃም።

ክፍሉ ራሱ ሊረሳ አይገባውም፤ እዚህ ላይ ትንሹ ወጪ ትልቁን ውጤት ያመጣል። በ1895 እ.ኤ.አ. የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ዋላስ ሴቢን ንግግር የማይሰማበት አዲስ አዳራሽ እንዲያስተካክል ታዘዘ። ክፍሉ ውስጥ የተነገረ ቃል አምስት ሰከንድ ተኩል ያህል ይንጫጫ ነበር። ሴቢን ሌሊት ሌሊት ከሌላ ቴአትር የመቀመጫ ትራስ እያስመጣ፣ ትራሱ ሲጨመር ማሚቶው በስንት እንደሚያጥር እየለካ ዛሬም የምንጠቀምበትን ቀመር አገኘ። በዚያ ቀመር አራት በአምስት ሜትር የሆነ፣ ግድግዳው የተለሰነ፣ ወለሉ ሴራሚክ የሆነ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ባዶውን ሲሰላ ማሚቶው ከ3 ሰከንድ ይበልጣል። ወፍራም መጋረጃ፣ ከሶፋው ፊት ሰፊ ምንጣፍና ጨርቅ የለበሰ ሶፋ ሲገባበት ከ1 ሰከንድ በታች ይወርዳል። ላይ የተነገሩት የጠበቁና የላሉ ቃላት መለየት የሚጀምሩት እዚያ ነው። ለኤይት ኬ የሚከፈለው ልዩነት ምንጣፉን ገዝቶ ይተርፋል።

የጎረቤት ነገርስ? ይህ ከሚቀርቡት ተቃውሞዎች ሁሉ የሚከበረው ነው። በጋራ ግድግዳ የሚኖር ሰው ድምፅ ላይ ገንዘብ ማውጣቱ ሕንፃውን ማወክ አይሆንም ወይ? አይሆንም፤ በአንድ ሁኔታ። ሰዎች ድምፅ የሚያስጮኹት አብዛኛውን ጊዜ ጩኸት ስለወደዱ አይደለም፤ ንግግሩ ስላልተለየላቸው ነው፤ ንግግሩ ጥርት ያለበት ቤት ውስጥ ሪሞቱ ወደ ታች ይወርዳል። ግድግዳ ጥሶ የሚያልፈው ቤዝ ነው፤ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ የብሎኬት ግድግዳ አያቆመውም። ስለዚህ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ሰው ሳብዉፈሩን ይተወው። ጥሩ የፊት ስፒከሮች እስከ 60 ኸርዝ አካባቢ ቢወርዱ ለድራማና ለሙዚቃ ይበቃሉ፤ ፍንዳታው ቢቀንስ ከሰላም አይበልጥም። ሳውንድ ባር አይበቃም ወይ ለሚለው፣ ለጠባብ ክፍልና ለአነስተኛ በጀት ከቲቪው ድምፅ በብዙ ይሻላልና አልቃወመውም፤ ነገር ግን ግራና ቀኙ በአንድ ሜትር ውስጥ የታጨቁ ናቸው፣ አንዱ ክፍሉ ሲበላሽ ሁሉም ይጣላል። እግር ኳስ ለሚወድ ግን እሺ እላለሁ። ኳሷን ከሩቅ ለመከታተል ትልቅ ስክሪን እውነተኛ ጥቅም አለው፤ ቤቱ በዋናነት የኳስ ቤት ከሆነ ኢንቹን ያስቀድም።

በመጨረሻ ዕድሜ አለ። የቲቪ ቴክኖሎጂ በየጥቂት ዓመቱ ይለወጣል፤ ሶፍትዌሩ ይዘገያል፣ አፕሊኬሽኖቹ መሥራት ያቆማሉ፣ ያው ስክሪን በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። የስፒከር መሠረታዊ አሠራር ግን ራይስና ኬሎግ በ1925 እ.ኤ.አ. በጀኔራል ኤሌክትሪክ ካቀረቡት ብዙ አልራቀም፤ ጥሩ ስፒከር ሁለትና ሦስት ቲቪ ያሳልፋል። ዙሪያው ላይ ያለው ስፖንጅ ቢበላ በባለሙያ ይቀየራል። አሜሪካ ያለ ዘመድ ለቤተሰቡ ዕቃ ሊልክ ሲነሣም ይህን ያስብ። ከዚያ የሚገዛ አምፕሊፋየር በአብዛኛው ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ እዚህ 220 ላይ ያለ ትራንስፎርመር ከተሰካ ይቃጠላል፤ ትልቅ ስክሪን በጉዞ ይሰበራል። አምፕሊፋየር ያልተገጠመበት ስፒከር ግን ሶኬት ውስጥ አይገባም፤ በሁለት ሽቦ ብቻ ይሠራል፤ የትም አገር የቮልት ችግር የለበትም። አምፕሊፋየሩን እዚሁ መግዛት ይቻላል።

እንግዲህ ልትገዙ ስትሄዱ ሻጩ በሚያሳያችሁ በደማቅ አበባና በባሕር ዓሣ ቪዲዮ አትፍረዱ። ሁለት ሰዎች ዝግ ብለው የሚነጋገሩበትን፣ ከሥር ሙዚቃ ያለበትን፣ የምታውቁትን የአማርኛ ትዕይንት ይዛችሁ ሂዱ። ድምፁን ቤት ውስጥ በምታዩበት መጠን ዝቅ አስደርጉት፤ አንዴ ፊት ለፊት፣ አንዴ በጎን ቆማችሁ ስሙ። እያንዳንዱ ቃል ካልተለየላችሁ ያንን ስፒከር ተዉት፣ ዋቱ የፈለገውን ያህል ቢሆንም። ቤት ስታስገቡት ግራና ቀኙን ከቲቪው አራርቁ፣ ስትቀመጡ በጆሯችሁ ከፍታ ላይ አድርጉ፣ ቡፌ ውስጥ አትክተቱ። ሶፋችሁ ከቲቪው 3 ሜትር የሚርቅ ከሆነ 55 ኢንች ፎር ኬ ይበቃችኋል፤ ለ75 ያሰባችሁትን ልዩነት ለሁለት ስፒከር፣ ለአንድ አምፕሊፋየርና ለአንድ ምንጣፍ አውጡት።